የስደቱን ዘመን ለምን ደጋግመው ይተርኩታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦

ለአምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው በአዳማ ነው። ተወልጄ ያደግሁት በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ሲሆን፣ ባለቤቴ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አባላት ከሆኑ ቤተሰቦች የተገኘ ነው። በሃይማኖት ምክንያት ተጣልተን አናውቅም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነው። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር የባለቤቴ አባት፣ እኔም ልጆቼም አባባ የምንላቸው፣ በደርግ ጊዜ የታሰሩበትን፣ ጸሎት ቤታቸው የታሸገበትን፣ ከዚያም በፊት በንጉሡ ዘመን አያታቸው ሲሞቱ የቀብር ቦታ ተከልክለው አስከሬን ይዘው የተንከራተቱበትን ታሪክ ያነሣሉ። ታሪኩን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን፤ ሌሎቹም እየተቀባበሉ ይጨምሩበታል። እኔ ግን የቀብሩ ነገር ሲነሣ አንገቴን እደፋለሁ፤ ቦታውን የከለከሉት የእኔ ሃይማኖት ሰዎች ነበሩና። ማንም ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ሆኖም በእምነታቸው አናሳ የሆኑ ሰዎች የደረሰባቸውን በደል እንዲህ ደጋግመው የሚተርኩት ለምንድን ነው? ያለፈውን ለምን አይተዉትም? ልጆቼስ ቂም እየተማሩ ይሆን?

መልስ፦

ውድ እኅቴ፤ በመጨረሻ ያነሡትን አስቀድሜ እመልሳለሁ፤ እናትን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስባት እርሱ ነውና። በደብዳቤዎ እንደገለጹት ከሆነ ልጆችዎ እየተማሩ ያሉት ቂም አይመስለኝም። ቂም የሚያስተምር ትረካ በዳዩን በስም ይጠራል፣ ዘሩን ይቆጥራል፣ ዕዳውንም ዛሬ በሕይወት ላለ ሰው ያወርሳል። የአባባ ትረካ ግን የሚያጠነጥነው በታሰሩት፣ በጸኑትና አስከሬን ተሸክመው በተንከራተቱት ሰዎች ላይ ነው። ይህም ሆኖ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ወደ ቂም የሚለወጥበት ጊዜ አለና ወደዚያ ጉዳይ እመለስበታለሁ።

ለምን ይተርኩታል ለሚለው እኔ የማምንበት ዋናው ምክንያት እነርሱ ካልተረኩት የሚተርክላቸው ስለሌለ ነው። የአባባ ቤተ ክርስቲያን ያለፈችበትን ያስቡ። መሠረተ ክርስቶስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለእርዳታ፣ ለሕክምናና ለትምህርት ሥራ ወደ አገራችን ከመጡ፣ ሜኖናይት ከሚባለው የክርስትና ክፍል ከሆኑ ሚሲዮናውያን አገልግሎት የተነሣች ናት፤ በእርስዎ ከተማም፣ ያኔ ናዝሬት ትባል በነበረችው፣ በሆስፒታልና በትምህርት ቤት ሥራዋ ትታወቅ ነበር። በጥር 1974 ዓ.ም. የደርግ መንግሥት ጸሎት ቤቶቿን ዘጋ፣ ንብረቷን ወረሰ፣ መሪዎቿንም አስሮ ለዓመታት አቆየ። በዚያን ጊዜ 5,000 ገደማ የነበሩት አባሎቿ ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ከ30,000 በላይ ሆነው መገኘታቸውን ቤተ ክርስቲያኒቱ በታሪኳ ትመዘግባለች። በመካከል ያሉት ዘጠኝ ዓመታት ያለፉት በየሳሎኑና በየጓዳው፣ ጥቂት ጥቂት ሰዎች እየሆኑ ድምፅን ዝቅ አድርጎ በመጸለይ ነው። ቡና ለመጠጣት ወይም በሽተኛ ለመጠየቅ ከቤት ቤት የምትዘዋወር ሴት ያን ያህል ስለማትጠረጠር፣ መልእክት በማድረስና አዳዲስ ምእመናንን በማስተማር ረገድ ሴቶች የነበራቸው ድርሻ ከፍ ያለ ነበር።

በስውር የሚሰበሰብ ማኅበር የስም ዝርዝር አይጽፍም፤ ቢያዝ በዝርዝሩ ላይ ያለውን ሁሉ ያሳስራልና። ቃለ ጉባኤ አይያዝም፣ ፎቶግራፍ አይነሣም፣ ደብዳቤ ተነብቦ ይቃጠላል። ስለዚህ አንድ የታሪክ ተመራማሪ ዛሬ የዚያን ዘመን ሰነድ ልፈልግ ቢል በአብዛኛው የሚያገኘው አሳሪዎቹ የጻፉትን ይሆናል፤ በዚያ ጽሑፍ ላይ ደግሞ አባባና ጓደኞቻቸው የሚታወቁት ዘመኑ በለጠፈባቸው ስም፣ «ጸረ አብዮት» ወይም «የመጤ ሃይማኖት ተከታይ» ተብለው ነው። ያን መዝገብ የሚያርመው ሌላ መዝገብ ያለው በሰዎቹ አንደበት ብቻ ነው። ዘመድ ሲሰበሰብ አንዱ ጀምሮት ሌላው «የለም፣ ያን ዕለት የታሰረው እገሌ ነው እንጂ እገሌ አይደለም» እያለ የሚያርመው ትረካ፣ ለእርስዎ አሰልቺ ድግግሞሽ ቢመስልም፣ ለእነርሱ መዝገቡን የማደስ ሥራ ነው። የቀድሞዎቹ እያለፉ ሲሄዱ ትረካው መደጋገሙም የሚያስገርም አይደለም።

ይህ ነገር ለእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ታሪክም እንግዳ አለመሆኑን ላስታውስዎ። በ15ኛው መቶ ዘመን በራሷ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተነሡት ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለንጉሥ አንሰግድም በማለታቸውና በሌሎችም የሥርዓት ጉዳዮች ከዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጋር ተጋጩ። አፍንጫና ምላሳቸው የተቆረጠ፣ የተገረፉ፣ በድንጋይ የተወገሩ ነበሩ። በቤተ መንግሥቱ ዜና መዋዕል እንደተጻፈው ከውግረቱ በኋላ በሰማይ ብርሃን ስለታየ፣ ንጉሡ እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ ቦታውን ደብረ ብርሃን አለው። በዚያው መጽሐፍ ተወጋሪዎቹ የማርያም ጠላቶች ናቸው። ተወጋሪዎቹ ራሳቸው ምን አምነው እንደሞቱ፣ በሸንጎ ፊት ምን ብለው እንደመለሱ የምናውቀው ግን ተከታዮቻቸው ገድላቸውን ጽፈው በጉንዳ ጉንዴ ገዳም ስላቆዩልን ነው። ያን ገድል ወደ አማርኛ መልሰው ለዘመናችን አንባቢ ያደረሱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው፤ እርሳቸውም በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው ቀሪ ዕድሜያቸውን በተሽከርካሪ ወንበር የኖሩ ሰው መሆናቸውን ሳስብ፣ የተበዳዮችን ቃል ለመጠበቅ የደከሙት ድካም ይበልጥ ይከብደኛል። ገድሉ ባይጻፍ ኖሮ የምንወርሰው ታሪክ የወጋሪዎቹ ብቻ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ትረካው ለእነርሱ የአምልኮ ክፍል መሆኑ ነው። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ምስክርነት መስጠት፣ እግዚአብሔር በመከራ ውስጥ እንዴት እንዳሳለፈን መናገር፣ ከመዝሙርና ከስብከት ጋር የሚሄድ ነው። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ወደ ሰባት ዓመት ገደማ ታስሮ ሲወጣ ምእመናኑ ከእርሱ ሊሰሙ የጓጉት የአሳሪዎቹን ክፋት ሳይሆን በእስር ቤት ውስጥ የጸናበትን ኃይል ነው። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም የሚታወሱት በዚህ መንገድ ነው። ከአገር እንዲወጡ መንገድ ተመቻችቶላቸው ሳለ መንጋዬን ትቼ አልሄድም በማለት ቀሩ፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ አስተምረው ሲወጡ ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ጋር ተጠልፈው ተወሰዱ፤ እርሳቸው ተገደሉ፣ ባለቤታቸውም አሥር ዓመት ያህል ታሰሩ። አስከሬናቸው ተገኝቶ በክብር የተቀበረው ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። ባል የት እንደወደቀ ሳይታወቅ 13 ዓመት በተጠበቀበት ቤት፣ ያለፈውን ተዉት ማለት የማይቻለው ለዚህ ነው፤ ለቤተሰቡ ነገሩ ገና አላለፈም ነበርና።

በደሉ ገና ባላበቃበት ስፍራ ደግሞ ትረካው ሌላ ሥራ አለው። በጎረቤታችን በኤርትራ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት ከሚያውቃቸው አራት የሃይማኖት ክፍሎች ውጪ ያሉት እንዲዘጉ በመደረጉ ብዙ ምእመናን ታስረዋል። ዘማሪት ሔለን ብርሃነ በብረት የዕቃ መጫኛ ኮንቴይነር ውስጥ ጭምር ከሁለት ዓመት በላይ የታሰረችው በዚህ ምክንያት ነው፤ ታሪኳ ወደ ውጭ ወጥቶ የመብት ተከራካሪዎች በየአገሩ ስለጮኹላት በ2006 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ተፈትታ፣ በኋላ በዴንማርክ ጥገኝነት አገኘች። በእኛም አገር የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ለዘመናት በየቤቱ ሲያወራው የኖረውን በደል ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አደባባይ ይዞት ወጣ፤ ክርስቲያኖችም አብረው በተሰለፉበት በዚያ ሰልፍ እኩልነት ተጠየቀ፣ ብዙም ሳይቆይ የሙስሊም በዓላት በመንግሥት ደረጃ መከበር ጀመሩ። በየማዕዱ ባይወራ ኖሮ በአደባባይ የሚጠየቅ ነገር ባልኖረ ነበር።

አሁን ወደሚያሳፍርዎ ጉዳይ፣ ወደ ቀብሩ ልምጣ። እኅቴ፣ ይህን ማለዘብ አልፈልግም። በየገጠሩና በየከተማው ፕሮቴስታንት የሆነ ሰው ከአባቶቹ መቃብር ቦታ የተከለከለበት ዘመን ነበር፤ በአንዳንድ ስፍራም የቅርብ ጊዜ ነገር ነው። በእኛ ባህል ሰው ቢጣላ እንኳ ሞት ሲመጣ ይታረቃል፤ ዕድር የሚገባው፣ ድንኳን የሚተከለው፣ ጎረቤት ሥራ ፈትቶ የሚቀመጠው ለዚህ ነው። በዚያች ሰዓት «ይህ የእኛ ሰው አይደለም» መባል ከእስርም በላይ የሚቆጠቁጠው፣ እስሩን የፈጸመው መንግሥት ሲሆን ይህን ያደረገው አብሮ አደግ በመሆኑ ነው። አባባ ከእስር ታሪካቸው ይልቅ የአያታቸውን ቀብር አዘውትረው የሚያነሡ ከሆነ ምክንያቱ ይህ ሳይሆን አይቀርም። እርስዎ ግን ያን አላደረጉም፤ አባባም እንዳደረጉት አይቆጥሩም። የእርስዎ ፊት በዚያ ማዕድ ላይ ለእርሳቸው ማስረጃ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ያ ዘመን አልፎ ልጃቸው የዚያች ቤተ ክርስቲያን ልጅ አግብቶ የልጅ ልጆች አይተዋልና።

ስለ ሜኖናይቶች የተረፈውን እነሆ፤ ለጥያቄዎ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው። የሜኖናይቶችና የመሠረተ ክርስቶስ የእምነት ቅድመ አያቶች የሆኑት አናባፕቲስቶች በ16ኛው መቶ ዘመን በአውሮፓ በካቶሊኮችም በፕሮቴስታንቶችም ይታደኑ፣ ይሰጠሙ፣ ይቃጠሉ ነበር። በ1660 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድ የሰማዕቶቻቸውን ታሪክ በአንድ ትልቅ መጽሐፍ ሰብስበው አሳተሙ። ከዚያ መጽሐፍ ሜኖናይቶች ለልጆቻቸው አዘውትረው የሚነግሩት የዲርክ ቪለምስን ታሪክ ነው። ይህ ሰው በ1569 እ.ኤ.አ. ከእስር አምልጦ በበረዶ በተጋገረ ውኃ ላይ ሲሮጥ አሳዳጁ በረዶው ተሰብሮበት ውኃ ውስጥ ገባ፤ ዲርክም ተመልሶ አወጣው፤ ወዲያው ተያዘ፣ በእሳትም ተቃጠለ። ከብዙ መቶ ሰማዕታት መካከል ለልጆች ይህ የሚመረጥበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ልጁ ከታሪኩ የሚይዘው ጠላትን ሲያድኑ መሞትን ነው።

ፍሬውም ከረጅም ጊዜ በኋላ ታየ። በ1980 እ.ኤ.አ. ሉተራኖች የአውግስበርግ የእምነት መግለጫቸውን 450ኛ ዓመት ለማክበር ሜኖናይቶችን ሲጋብዙ፣ ሜኖናይቶቹ «እኛን በስም የሚያወግዝ ሰነድ እንዴት አብረን እናከብራለን?» ብለው ጠየቁ። ከጋባዦቹ ብዙዎቹ ውግዘቱ እስከዚያች ቀን በሕያዋን ሰዎች ዘንድ የሚታወስ መሆኑን ልብ አላሉትም ነበር። ከዚያ በኋላ የሁለቱ ወገን ሊቃውንት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ታሪኩን አብረው ጻፉ፤ በሐምሌ 2010 እ.ኤ.አ. በሽቱትጋርት የተሰበሰበው የሉተራን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ጉባኤም ስለ ደረሰው ስደት እግዚአብሔርንና ሜኖናይቶችን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በሜኖናይቶች ስም ይቅርታውን የተቀበሉት የዚምባብዌ ሰው ዳኒሳ ንድሎቩ ሲሆኑ፣ ስጦታቸውም ከእንጨት የተሠራ የእግር ማጠቢያ ነበር። መካነ ኢየሱስ የዚያ ፌዴሬሽን አባል፣ መሠረተ ክርስቶስም የዓለም ሜኖናይት ጉባኤ አባል ስለሆኑ ይህ ዕርቅ በሩቁ የሚነገር የአውሮፓ ወሬ ብቻ አይደለም። ተበዳዮቹ ታሪካቸውን ትተውት ቢሆን ኖሮ ይቅርታ የሚጠይቅም፣ ይቅር የሚልም አይገኝም ነበር።

የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ትረካው ወደ ቂም ሲያዘነብል የሚታወቀው የሌላውን ሙት መቁጠር ሲያቆም ነው። ደርግ ያሰረውና የገደለው ወንጌላውያንን ብቻ አይደለም፤ የእርስዎ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ የተገደሉት ቄስ ጉዲና በተገደሉበት በዚያው ሰሞን ነው፤ አስከሬናቸውም እንደ ቄስ ጉዲና ሁሉ ተገኝቶ በክብር ያረፈው ከደርግ ውድቀት በኋላ ነው። እነዚህን ሁለት ታሪኮች አብሮ የማይናገር ትረካ፣ ከየትኛውም ወገን ይምጣ፣ ልጆችን ያሳስታል። ሌላው ምልክት ጎረቤትን መርሳት ነው። ሲፈተሽ መጽሐፍ ቅዱስ የደበቀች፣ ለእስረኛ ስንቅ ያቀበለች፣ ቀበሌ ሲጠይቅ «እንግዳ እንጂ ስብሰባ አላየሁም» ያለች የሌላ እምነት ጎረቤት በብዙ ቤተሰብ ታሪክ ውስጥ አለች። በተጨማሪ በአገራችን አናሳ መሆን እንደ ቦታው ይለያያል፤ በአንዱ አውራጃ ብዙ የሆነው በሌላው ጥቂት ስለሆነ፣ የራሱን በደል የሚተርክ ሁሉ የእርሱ ወገን በሌላ ስፍራ ምን እንዳደረገ የመጠየቅ ግዴታ አለበት።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አባባ የቀብሩን ነገር ሲያነሡ አንገትዎን አይድፉ፤ ይጠይቁአቸው። አስከሬኑን የተሸከሙት እነማን ነበሩ? በመጨረሻ መሬት የሰጠ ማን ነው? ከእኛ ወገን አብሮ ያለቀሰ ሰው አልነበረም? መልሱ «አንድም አልነበረም» ቢሆን እንኳ መስማት ይገባዎታል። ከዚያም የእርስዎ ቤተሰብ በዚያው ዘመን ያየውን ለልጆችዎ በዚያው ማዕድ ይንገሩአቸው፤ ልጆቹ የሁለቱም ወራሾች ናቸውና።

ጥያቄ፦

እናቴ በደርግ ዘመን ስለ እምነቷ ታስራ ነበር። አሁን አብረን የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሜሪላንድ ነው። ታሪኳን ቀርጬ ለልጆቼ ማቆየት ብፈልግም፣ «ለእግዚአብሔር ያደረግሁትን ለምን አወራዋለሁ?» እያለች ትከለክለኛለች። ልጫናት ወይስ ልተወው?

መልስ፦

አይጫኗቸው። እንዲህ የሚሉ እናቶች ብዙ ጊዜ ትሕትና ብቻ አይደለም የሚያስቆማቸው፤ በምርመራ ወቅት የደረሰባቸው ለልጅ የማይነገር ነገር ሊኖር ይችላል፣ ወይም ያሰራቸው ሰው ዛሬም በሕይወት ያለ የሚያውቁት ሰው ይሆናል። ስለ ራሳቸው ሳይሆን አብረዋቸው ስለ ታሰሩት ይጠይቋቸው፤ ስለ ራሱ የማይናገር ሰው ስለ ጓደኞቹ ሲጠየቅ ይከፈታል። መዝሙር አብራችሁ ብትዘምሩ ወይም እንጀራ ስትጋግሩ ብትጠይቋቸው ከመቅረጫ ፊት ከመቀመጥ ይሻላል። ፈቃደኛ በሆኑ ጊዜ ዓመቱን እርሳቸው በሚያስታውሱት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይያዙ፤ ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲመልሱት የሰባትና የስምንት ዓመት ልዩነቱ ታሪኩን እንዳያዛባ ሁለቱንም ይጻፉ። የቦታውን ስም በዚያን ጊዜ ይጠራበት በነበረው ይመዝግቡ፤ ናዝሬትን አዳማ ብለው አይቀይሩባቸው። ያሰሯቸውን ሰዎች ስም ቢናገሩ በድምፁ ይቆይ እንጂ ለሌላ ሰው አያሰራጩ፤ ራሱን የሚከላከልበት ዕድል ያላገኘ ሰው ስም ነውና። ቅጂውንም ከቤተሰብ ውጪ አንድ ቦታ፣ ለምሳሌ እናትዎ በሚገለገሉበት ቤተ ክርስቲያን ቤተ መጻሕፍት፣ እርሳቸው ሲፈቅዱ ብቻ ያስቀምጡ።